ለበረቶቻችን ትንፋሽ የመለሱት አያ ምናሉ

አያ ምናሉ ማረፋቸውን የሰማሁት ከልጄ ከይታይሽ ነው። ወተት ልታደርስ ደብረ ታቦር ሄዳ ስትመለስ፣ ሁልጊዜ ባዶ ጀሪካኖቿን እያንኳኳች ነው የምትገባው። የዚያን ቀን ጸጥ ብላ ገባች። ጀሪካኖቹን ከበሩ ሥር አስቀመጠችና «እማ፣ ነጠላሽን አዘቅዝቂ» አለችኝ።

«ማን ነው?» አልኳት።

«አያ ምናሉ።»

የነገራት እርሳቸው ከሚኖሩበት ከገሳይ የመጣ ሹፌር ነው። ታመው ብዙም አልተኙም። በቤታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ባሉበት፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው ዐርፈዋል። በማግሥቱ በደብራቸው ቀበርናቸው።

ልጆቻቸው ለመታሰቢያቸው የሚያውቃቸው ሁሉ ያየውን ይጻፍልን ብለው ሲልኩብን፣ ይታይሽ «አንቺ ጻፊ» አለችኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ቢኖር፣ ልጄ አረብ አገር ሳለች የስልኳን ቁጥር ግድግዳ ላይ ነው። ቢሆንም ያየሁትን ሌላ ሰው አላየውምና ልጻፍ።

አያ ምናሉ ግንበኛ ነበሩ። ከገሳይ እስከ ደብረ ታቦር ባለው አገር ብዙ ቤት ሠርተዋል። ስማቸው የወጣው ግን በአሮጌ በረት ነው። የፈረንጅ ዘር ያለባት ክልስ ላም ወደዚህ አገር ከገባች ወዲህ፣ ሰው አባቱ ያቆመውን የድንጋይ በረት እያፈረሰ በብሎኬት መሥራት ጀመረ። እርሳቸው የቆመውን ማዳን ያዙ። በር ያሰፋሉ፣ ወለል ያነጥፋሉ፣ ለሽንቱ መውረጃ ያወጣሉ፣ የታፈነውን ይከፍታሉ። አንድ ሰው በረቱን ሊያፈርስ ዶማ ካነሣ «ድንጋዩ ምን በደለ?» ሳይሉት አያልፉም ነበር።

የሰፈሩ ቀልደኛ «የበረት ሐኪም» አላቸውና በዚያው ቀረ። እርሳቸው ግን «ኧረ ወዲያ! ሐኪም መርፌ አለው፣ እኔ ያለኝ መዶሻ ነው። በሽተኛዬ ሲያየኝ የማይሸሽ፣ ግድግዳ ስለሆነ ነው» ይላሉ። ረጅም ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን በአጭር የበረት በር ሲገቡና ሲወጡ ስለ ኖሩ፣ ከበሩ ከወጡ በኋላም ጥቂት ጎንበስ እንዳሉ ይራመዱ ነበር።

ስሕተታቸውን ለመናገር ማንም አይቀድማቸውም። መጀመሪያ ያደሱት በረት ወለሉን በሲሚንቶ ሠርተው፣ እንዲያምር ብለው እንደ መስታወት አለሰለሱት። ላሚቱ ገብታ አንዴ ብትራመድ ተንሸራትታ በጎኗ ወደቀች። «ባለቤቱ ዐይን ዐይኔን ያየኛል፣ ላሚቱም ወድቃ ታየኛለች። ከሁለቱ ያሳፈረችኝ ላሚቱ ናት» እያሉ ይስቃሉ። ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ ተጭሮ ሸካራ መሆን እንዳለበት የነገረቻቸው አንዲት ወጣት የእንስሳት ባለሙያ ናት። ወለል በሠሩ ቁጥር «ይቺ የዚያች ልጅ ትምህርት ናት» ይሉ ነበር።

እኛ ያወቅናቸው በይታይሽ ምክንያት ነው።

ይታይሽ አረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ልጄ ናት። እዚያ በነበረችበት ዘመን ስልክ ሲጮኽ ክፉ ወሬ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ፤ ሳይጮኽ ሲቀርም እንደዚያው። የዚህ አገር እናት ሁሉ የሚያውቀው ነገር ስለሆነ አላብዛውም። ስትመለስ በላቧ ባገኘችው ሁለት ክልስ ጊደሮች ገዛች። ሁለቱም አርግዘው ከብደዋል። አንዷን ቡሬ፣ አንዷን ሻሼ አለቻቸው።

«እማ፣ እነዚህ ከያዙልኝ እዚሁ ነኝ» አለችኝ። «ካልያዙልኝ ግን ፓስፖርቴ ሳጥን ውስጥ ነው።»

እየሳቀች ነው የተናገረችው። እኔ አልሳቅሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የላሞቹን ትንፋሽ የማዳምጠው የልጄን እንደማዳምጥ ሆነ።

ላሞቹ የገቡት አማቴ ነፍሳቸውን ይማርና በሠሩት በረት ነው፤ እዚሁ ጋፋት፣ ከቤታችን ጎን። ግድግዳው በጭቃ የተያያዘ ወፍራም ድንጋይ ነው። በሩ ታጥፎ የሚገባበት፣ መስኮት የሚባል የሌለው። የጉናን ነፋስ የሚያውቅ ሰው ለምን እንዲያ እንደ ተሠራ አይጠይቅም። ጣራው የጥንት ሣር ነበር። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ታላቅ ወንድሙ አያ ታከለ «የወንድሜ በረት እያፈሰሰ አላይም» ብለው ሣሩን አነሡና ቆርቆሮ መቱበት። በግድግዳውና በጣራው መካከል የነበረውን ክፍተትም በጭቃ መረጉልን። ደግ ሥራ ነው፤ እኛም መርቀናቸዋል።

ክረምቱ ሲወጣ ላሞቹ ማሳል ጀመሩ። «ብርድ መቷቸው ነው» አለ ጎረቤቱ ሁሉ። ብርድ ከሆነ ደግሞ የዚህ አገር መድኃኒቱ መዝጋት ነው። የቀረችውን ቀዳዳ በእበት ለሰንን። በሩ ላይ ማዳበሪያ ከረጢት ሰቀልን። የሰው ዐይንም እንዳይገባባቸው ብለን ነው፤ ክልስ ላም ያየ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ሳያይ አያልፍምና። ሳሉ ባሰ።

የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ መርፌ ወጋቸው። «መድኃኒቱ ይረዳቸዋል፤ ግን በረቱ ታፍኗል። አየር ካላገኙ ተመልሰው ይታመማሉ» አለን። ይታይሽ አንድ ሠራተኛ ጠርታ ብታሳየው፣ ዞሮም አላየው፤ «አፍርሱትና በብሎኬት እንሥራው» አላት። ለዚያ አንዷን ጊደር መሸጥ ሊኖርባት ነው። ሁለት ላም ብላ የመጣች ልጅ አንዷን ከሸጠች፣ ሁለተኛዋም ብዙ አትቆይም አልኩ በልቤ። ቤት ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ሳጥኑን ነው።

ያው ሐኪም ነው ኋላ «ከማፍረሳችሁ በፊት ገሳይ አንድ ሰው አሉ፣ ይዩላችሁ» ያለን።

አያ ምናሉ በጠዋት መጡ። መዶሻ፣ የግድግዳ ቀናነት የሚለኩበት ቱምቢና አንድ እፍኝ እርጥብ ጭድ በፌስታል ይዘዋል። ቤት ይግቡ ብንላቸው እምቢ አሉ። «በሽተኛ ሳላይ እህል አልቀምስም» ብለው በረቱ ገቡና በሩን ከውስጥ ዘጉት። ቆዩ። እኔና ይታይሽ ደጅ ቆመን እንጠብቃለን።

«ምን እየሠሩ ነው?» አልኳት።

«እኔ እንጃ። እየጸለዩ ይሆናል።»

በሩ ሲከፈት ዐይናቸው እንባ ሞልቷል። «ያለቀስኩ መስሏችሁ እንዳትደነግጡ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እታለም፣ ነይ ግቢ። ተቀመጪ።»

«የት?»

«ከላሚቱ አፍንጫ አጠገብ። ሰው በረት ሲገባ በራሱ ቁመት ያሸትና ደኅና ነው ይላል። ላም የምትተነፍሰው ግን ተኝታ ነው፤ እዚያ ታች።»

በርጩማ ተሰጠኝና ተቀመጥኩ። ያን በረት ሙሽራ ሆኜ ከገባሁበት ዘመን ጀምሮ ጠርጌዋለሁ፤ እንደዚያ ተቀምጬበት ግን አላውቅም። የሽንቱ ሽታ ዐይኔን ቆጠቆጠው፣ ጉሮሮዬን ያዘኝ። እርሳቸው እርጥቡን ጭድ በገል ላይ ለኮሱና ትንሽ ጢስ አስነሡ። ጢሱ ወደ ላይ ወጣ፤ ቆርቆሮው ጋ ደረሰ፤ መውጫ አጣና ተመልሶ በላሞቹ ጀርባ ላይ ወረደ። ቆርቆሮው አልቦት ውሃ ያንጠባጥባል። ሻሼ ሳለች።

«አየሽው? በር ተዘግቶበት የሚመለስ እንግዳ ነው የሚመስል።»

«ብርዱስ አያ ምናሉ? ይህን ብንከፍተው የጉና ብርድ ገብቶ ይገድላቸዋል እኮ።»

«አንቺ አሁን በርዶሻል?»

«አልበረደኝም።»

«ታፍነሻል?»

ልመልስ አፌን ስከፍት ሳል ያዘኝ።

«በቃ፣ አንቺም እንደ ሻሼ መለስሽልኝ» አሉ። ይታይሽ ደጅ ሆና ሳቀች። ልጄ ከሆዷ ስትስቅ ከሰማሁ ቆይቶ ነበር።

ወሬው አያ ታከለ ጋ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ዱላቸውን ይዘው መጥተው በበረቱ በር ላይ ቆሙ። «የአባቴን ግድግዳ የሚበሳው ማን ነው?» አሉ።

አያ ምናሉ የግድግዳውን እግር በመዶሻ እያንኳኩ ያዳምጡ ነበር። ቀና አሉና እጅ ነሡ። በዕድሜ ግን እርሳቸው አያ ታከለን ይበልጣሉ።

«ታከለ ማለት አንተ ነህ? አባትህ ይህን ሲሠሩ ነበርክ?»

«ድንጋይ ተሸክሜያለሁ።»

«መስኮት ለምን አላበጁለትም?»

«መስኮት! ለጅቡ ነው ለሌባው? መስኮት ያለው በረት የት አይተው ያውቃሉ?»

«ይህኛው ነበረው። ጣራው ራሱ መስኮት ነበር። ሣር ይተነፍሳል፤ የከብቱ ላብ በሣሩ ሾልኮ ይወጣል። አባትህ አልተሳሳቱም።» አያ ታከለ ቆርቆሮውን የመቱት እርሳቸው መሆናቸው ትዝ ሲላቸው ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። አያ ምናሉም አይተዋል። «ቆርቆሮውም ጥፋት የለበትም» አሉ። «ውሃ ከልክሏል፣ ምሰሶውን ከመበስበስ አድኗል። ቆርቆሮ ባይመታበት ዛሬ የምናድሰው በረት አናገኝም ነበር። የቀረው ሣሩ ይዞት የሄደውን ትንፋሽ መመለስ ብቻ ነው።»

አያ ታከለ ጣራውን ቀና ብለው ብዙ አዩት። «እንዲያ ከሆነ ከየት በኩል ይጀመር?» አሉና ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት።

ደቦው የተጠራው በሳምንቱ ነው። ድፎም ጠላም አዘጋጀን። ጎረቤት መጣ፣ የከተማ ልጆችም መጡ። ከእነርሱ አንዱ ድንጋይ ይዞ ስልኩን ሲያይ፣ አያ ምናሉ «ለዚህ ልጅ ድንጋይ አታቀብሉት፤ እግሩ ላይ ሲወድቅ ፎቶ ያነሣዋል እንጂ አይሸሽም» አሉ። ልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

እኔ ግን ጨዋታው አልተሰማኝም። ላሞቹ ትልልቅ ናቸውና በሩ ሊሰፋና ከፍ ሊል ነው። በግድግዳው ውስጥ ያለው ጭቃ ደርቆ አፈር ሆኗል። አንድ ድንጋይ ቢነሣ ሌላው ይከተላል፣ ሁሉም ይወርዳል ብዬ ፈራሁ። ይታይሽ ደግሞ ሻሿን አጥብቃ፣ ከውስጥ ሆኜ ድንጋይ እቀበላለሁ ብላ ተነሥታለች። ከዚያ ሁሉ ባሕር ማዶ በሰላም የተመለሰች ልጅ በአያቷ በረት ሥር ልትቀር ነው አልኩ። አፍ አውጥቼ ግን አልተናገርኩም።

አያ ምናሉ ፊቴን አዩ። «ይታይሽ ውጪ ትሁን። ከውስጥ የምቆመው እኔ ነኝ» አሉ።

«አንቱስ ሰው አይደሉ?» አልኳቸው።

«በእኔ ላይ ቢወድቅ አሮጌ በአሮጌ ላይ ነው የወደቀው፤ የሚከሰስ የለም።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እርሱንም አዩ።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። ከሚከፈተው ቦታ በላይ መጀመሪያ ወፍራም የወይራ እንጨት ያሳልፋሉ። ሸክሙን እንጨቱ መቀበሉን በመዶሻ አንኳኩተው ካረጋገጡ በኋላ ብቻ፣ ከሥሩ ያለውን ድንጋይ አንድ በአንድ ያወጣሉ። ይህን ነግረውኛል፤ ገብቶኛልም። የገባው ጭንቅላቴ ነው፤ ጉልበቴ አልገባውም። ስለዚህ ፊቴን ወደ አጥሩ አዙሬ ቆምኩ።

ድንጋይ ሲወድቅ ይሰማኛል። ከዚያ ዝም ይላል። ከዝምታው በኋላ ከውስጥ የአያ ምናሉ ድምፅ መጣ፦

«አለሁ!»

ለማን እንደሚሉ አልገባኝም። ሌላ ድንጋይ ወደቀ።

«አለሁ!»

አያ ታከለ ተገርመው «ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚጮኹ? መኖርዎን ማን ጠየቀዎ?» አሏቸው።

«የጠየቀችኝ አለች፤ አፍ አውጥታ ባትጠይቅም» አሉ ከውስጥ።

ያኔ ገባኝ። ድንጋይ በተነሣ ቁጥር እንዲያ ሲሉ ዋሉ። ሥራው ሲያልቅ ድምፃቸው ሻክሮ ነበር። ግድግዳው አልወደቀም፤ አንድ ድንጋይ እንኳ ካልተነካው ቦታ አልተንሸራተተም። በኋላ ሌሎች ሰዎችን ስጠይቅ፣ በእነርሱ በረት እንዲህ ሲጣሩ ማንም አልሰማም። ዝም ብለው ነበር የሚሠሩት አሉኝ።

ከዚያ ወለሉን በትንሽ ዘቅዘቅታ አነጠፉት፤ በመጥረጊያም ጫሩት። ሽንቱ ወደ ውጭ ወርዶ ከፍጉ ጉድጓድ እንዲጠራቀም መውረጃ ሠሩለት፤ ዛሬ ድንቹና ጎመኑ የሚያድገው በእርሱ ነው። አማቴ ከድንጋይ ያበጁትን ግርግም አልነኩትም፤ «ይህን የሠራ ሰው የላም አንገት ያውቃል» ብለው ከሥሩ አንድ ረድፍ ድንጋይ ብቻ ጨመሩለት። በግድግዳውና በጣራው መካከል፣ አያ ታከለ የመረጉትን ጭቃ አያ ታከለ ራሳቸው በዶማ አነሡት።

በተከፈተው ክፍተት ላይ የሚደረገውን ሲያስቡ አያ ምናሉ ወደ እኔ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ዐይን እንዳይገባባቸው ትፈሪያለሽ አይደል?»

አፈርኩ። የልጅ ነገር ያሰብኩ መሰለኝ።

«አትፈሪ አላልኩሽም» አሉ። «ሸምበቆ አጋድሜ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ደረብ አድርጌ እሠራዋለሁ። ነፋሱ ይገባል፤ ቆሞ የሚያይ ሰው ግን ሸምበቆ ብቻ ነው የሚያየው።»

እንደተናገሩት አደረጉት። ፍርሃቴን የሰማ ሰው ሁሉ፣ የተማረውም ያልተማረውም፣ «ተይው ባክሽ» ይለኛል። አያ ምናሉ ግን የሰውን ፍርሃት እንደ ድንጋይ በእጃቸው መዝነው ቦታ ያበጁለት ነበር። እርሳቸውን ከሌላ ግንበኛ የምለያቸው በዚህ ነው።

የመጀመሪያው ውርጭ የጣለ ጠዋት ሜዳው ነጭ ሆኖ አደረ። ቡሬ ልትወልድ ተቃርባለች። ጎረቤቶቼ ገና በማለዳ አጥር ላይ ሆነው «ኧረ ጥሩዬ፣ በዚህ ቁር እርጉዝ ላም በክፍት በረት?» ይሉኛል። ማዳበሪያ ከረጢት ጭድ ሞልቼ መሰላሉን ግድግዳው ላይ አቁሜ ሳለ፣ ከኋላዬ «እንደምን አደርሽ፣ እታለም» የሚል ሰማሁ። አያ ምናሉ ጋቢያቸውን እስከ ዐይናቸው ተከናንበው ቆመዋል።

«ምነው በደኅናዎ?»

«በደኅና ነው። ውርጩን ሳይ፣ ያቺ ሴትዮ ይህን ጊዜ ከረጢት ይዛ መሰላል ላይ ናት አልኩና በመጀመሪያው መኪና ተሳፈርኩ። ደግ ነው፣ ቀደምኩሽ፤ ገና መሬት ነሽ።»

ይዘውኝ ገቡ። ሁለቱ ላሞች ተኝተው ያመሰኳሉ። ትንፋሻቸው ነጭ ሆኖ ይወጣና ወደ ላይ ሄዶ በሸምበቆው መካከል ይጠፋል። ቆርቆሮው ደርቋል። አንዲትም አላሳለችም። አያ ምናሉ ከረጢቴን ተቀብለው ጭዱን ከቡሬ ሆድ ሥር ዘረገፉትና በእግራቸው አመቻቹት።

«ብርድ የሚከለከል ከታች ነው» አሉኝ። «ከላይ የምትዘጊው ብርዱን አይደለም፣ እስትንፋሷን ነው። የፈራሽ ዕለት ወደ ላይ አትውጪ፤ ወደ ታች ጎዝጉዢ።»

ይህን ቃል እስካሁን እሠራበታለሁ። በፈራሁ ቁጥር ጭድ እጎዘጉዛለሁ። በዚህ አገር እንደ ላሞቼ የተመቸው ላም የለም።

ቡሬ ከገና በኋላ ወለደች፤ ጥጃዋ ሴት ናት። ሻሼም ተከተለች። ይታይሽ የቡሬን እንገር በጣሳ ይዛ ገሳይ ብትወስድላቸው፣ ግማሹን ቀምሰው ግማሹን መልሰው ሰጧት። «ይህን ለታከለ ስጪልኝ፤ ግድግዳው የአባቱ ነው» ብለዋት። አያ ታከለ ጣሳውን ተቀብለው ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠጡት።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስለ ሳጥኑ አልተነሣም። የፓስፖርቱ ቀን ሲያልፍ ይታይሽ አላሳደሰችውም። ይህንን ለአያ ምናሉ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። በደስታ እቅፍ ያደርጉኛል ብዬ ነበር፤ እርሳቸው ግን እንዲያ ዓይነት ሰው አልነበሩም። «እኔ የሠራሁት ላሞቹ እንዲተነፍሱ ነው» አሉ። «አንቺ ከተነፈስሽ ምርቃት ነው።»

በዚህ መንገድ ሲያልፉ ጎራ ማለት አልተዉም። ይታይሽን ግድግዳ ማንኳኳት ያስተምሯት ነበር። ደኅና ግድግዳ ጠበቅ ያለ ድምፅ ይመልሳል፤ ጭቃው የከዳው ግን እንደ ባዶ እንስራ ነው። «ይህች ልጅ ጆሮ አላት» አሉኝ አንድ ቀን። እኔ ጆሮዋ ባይሰማ በወደድኩ፤ ወዴት እንደሚወስዳት ገብቶኛልና።

ለመጨረሻ ጊዜ የመጡት ክረምቱ ሳይገባ ነው። ከስተዋል፤ በእጃቸው ምርኩዝ ይዘዋል። በረቱን ልይ አሉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ገቡ።

«አያ ምናሉ፣ ይህን በር እኮ ከፍ ያደረጉት አንቱ ነዎት። ምን ያጎነብስዎታል?» አለቻቸው ይታይሽ።

«ለወገቤ ማን ይንገረው?» አሉ።

ከሻሼ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቆዩ። ሲወጡ ከጋቢያቸው ሥር መዶሻውን አውጥተው ለይታይሽ ሰጧት። «እጀታው ይረዝምብሻል፤ ቁረጪው።» እኔ መንገድ ድረስ ሸኘኋቸው። መኪናው ሲመጣ፣ እንደ ሁልጊዜው «አይዞሽ» ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ጭድ አለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። አለኝ አልኳቸው። «በቃ» አሉና ተሳፈሩ።

ቀብራቸው ላይ የማላውቀው ሰው በዝቶ ነበር። በየመንደሩ አንድ አንድ በረት የሠሩላቸው ሰዎች ናቸው። አያ ታከለ ዱላቸውን እንደ ተደገፉ ግብዓተ መሬቱ እስኪፈጸም አልተቀመጡም። ሲመለሱ መንገድ ላይ «ጥሩ አድርገህ ነው የመታኸው ብለውኛል እኮ፣ ያን ቆርቆሮ» አሉኝ።

ከቀብር መልስ ጥቂት ሰንብቶ፣ እዚሁ ጋፋት አንድ ጎረቤታችን የአባቱን በረት ሊያፈርስ ተነሣ። ይታይሽ መንገድ አቋርጣ ሄደችና «ድንጋዩ ምን በደለ?» አለችው። እርጥብ ጭድ ለኮሰችለት፣ ጢሱን አሳየችው። ተስማሙ። በሩን ከፍ ለማድረግ ደቦ ተጠራ። እኔም ድፎ ተሸክሜ ሄድኩ። ስደርስ ወይራው ገብቷል። ልጄ ሻሿን አጥብቃ፣ እጀታው የተቆረጠውን መዶሻ ይዛ ከውስጥ ቆማለች።

ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርኩ። ድፎውን እንደ ያዝኩ ቆምኩ። ድንጋይ ወደቀ። ዝም አለ።

«አለሁ፣ እማ!»

ሌላ ድንጋይ ወደቀ።

«አለሁ!»

ሰዉ ለማን እንደምትል አላወቀም። እኔ አወቅሁ።

አያ ምናሉ፣ ይህን ሳይሰሙ መሄድዎ ይቆጨኛል። ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፤ እንደሚያውቁኝ ነኝ። ዛሬም ደመና ሲከብድ ግድግዳውን ዞሬ አያለሁ። ግን መሰላል አልወጣም፤ ወደ ታች እጎዘጉዛለሁ። ቡሬ ዳግመኛ ከብዳለች። ጥጃዋም አድጋ ጊደር ሆናለች፤ ስትገባ ስትወጣ በሩ ይበቃታል። በሸምበቆዎ ዐይን አልገባም። አሁን የገቡበት ቤት በሩ ረጅም ይሁንልዎ፤ ለወገብዎ የሚነግርልዎ አግኝተው ሳያጎነብሱ ይግቡ። ያን ዕለት ከግድግዳው ወዲያ ሆነው ሲጣሩ፣ አፌ ተሳስሮ አንድም ጊዜ አልመለስኩልዎትም ነበር። ዛሬ ከግድግዳው ወዲያ ያሉት አንቱ ነዎት፣ ዝም ያሉትም አንቱ። እንግዲህ የምጣራው እኔ ነኝ።

አለን፣ አያ ምናሉ። አለን።